ማሳ ያጣች መኪና

ውሃ ስቀዳ የሚያገኙኝ ሴቶች ሁሉ "አዲስ አበባን እንዴት አየሻት?" ይሉኛል። ለአንዷ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላዋ ትመጣለች፣ ለሷ ብዬ ደግሞ ከመሃል እጀምራለሁ፣ ነገሩ ይቆራረጣል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ጽሑፌም የዶሮ ጭረት ነው። ግን አንዴ ብጽፈው ልጆቻችሁ ያነቡላችኋል፣ የኔም ጉሮሮ ያርፋል ብዬ ነው። ስለ ፎቁ ልስማ የምትል ካለች ከወዲሁ ልንገራት፤ እኔ አዲስ አበባን አብዛኛውን ያየኋት ከቆመች መኪና ውስጥ ሁኜ ነው።

የሄድኩበትን ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ሰይድ ዓይኑ እየጠበበ ነው። የደሴው ሐኪም "የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆያለን" ብሎታል። አሁን የሚያየው በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለችውን ትንሿን ብቻ፣ እሷንም ብርሃን ሲኖር። ልጃችን ኢብራሂም ደግሞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን አልመጣም። መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት፣ እዚያ መኪና ገዝቶ ነበርና፣ "መኪናዋ ትሠራና እመጣለሁ" ማለት ጀመረ። አንድ ምሽት እራት ላይ ሰይድ ጉርሻውን እንደያዘ "የኢብራሂምን ፊት እየረሳሁት ነው" አለ። ጨርሶ ሳይጨልምበት ልጁን አምጥቼ ፊቱ ላቆም ተነሳሁ።

ረቡዕ ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ። ሰይድ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ማሽላው ደርሷል፣ ዝንጀሮው እያደባ ነው፤ እሱ ማሳውን ጥሎ የትም አይሄድም። ጥንቅሽ ቆርጦ በልጥ አስሮ ሰጠኝ። "ስጪው። ከላይኛው ማሳ ነው በይው፣ ያውቃታል" አለኝ። የላይኛውን ማሳ ታውቁታላችሁ፣ ዳሩ ገደል ነው። ኢብራሂም ልጅ ሆኖ ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ጥንቅሽ ሲያኝክ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ።

እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። አውቶቡሱ ሐይቅን ለቆ ውሃው ከኋላዬ ሲቀር ጀምሮ ያለ ዱዓ አልተነፈስኩም። ፍተሻ ላይ አስወርደው አሰለፉን፣ ጥንቅሹን ሳይቀር ፈቱት። አንዱ ወታደር፣ ጺሙ ገና ያላቀመቀመ ልጅ እግር፣ አየት አድርጎኝ "እናት፣ አንዷን ልውሰድ?" አለኝ። ሁለት ሰጠሁት። የማን ልጅ ይሆን እያልኩ ብዙ መንገድ ሄድኩ።

ጣርማ በር ላይ ብርዱ የኛን የክረምት ሌሊት ያስንቃል። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዓይኔን ጨፍኜ የአጠገቤን ሴትዮ ክንድ ጨበጥኩ። የማላውቃት ናት፤ ደብረ ብርሃን የምትወርድ። አልተቆጣችም። የጋቢዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ "እኔም ድሮ እፈራ ነበር" አለችኝ። እስክትወርድ ድረስ በአንድ ጋቢ ሄድን።

ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ኢብራሂም ቆሞ ነበር። "እማ" አለኝ። ድምፁ በስልክ ከማውቀው ይወፍራል። ጺም አውጥቷል፣ ጉንጩ ከስቷል። አቅፌው ብዙ ቆየሁ፤ ሰዎች በጎን እየታከኩ ያልፋሉ፣ "እናት መንገድ ልቀቁ" ይላሉ፣ እኔ ወይ ፍንክች።

መኪናዋ ነጭ ናት፣ የቤት መኪና የሚሏት፣ አባት እናትና ልጆች የሚሄዱባት። በውጭ ሲያዩዋት ሙሽራ ናት። የኋላ መስኮቷ ግን በላስቲክ ተሸፍኗል።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"ወርዶ አልወጣ ብሎ ነው፣ እማ። ቁልፉን ስጫነው ዝም ይላል።"

ከመሪው ፊት ያሉት መብራቶች ደግሞ የሰርግ ቤት ይመስላሉ። "ቀዩ ምንድን ነው?" አልኩት። "የባትሪ ምልክት።" "ቢጫውስ?" "እሱ የፍሬን ነው።" "ያኛውስ?" ትንሽ አየው። "እማ ሙች፣ እሱን እኔም አላውቀውም።"

ላስቲኩ እየተርገፈገፈ ካዛንቺስ፣ እሱ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ግቢ ገባን።

ሐሙስ ጠዋት በቀጥታ ልንመለስ ነበር ሐሳቤ። ኢብራሂም ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ "ጠቅ" አለች። ደግሞ ሲያዞር "ጠቅ ጠቅ"። ነጠላዬን ታጥቄ ወረድኩና ከኋላ ተደግፌ ቆምኩ። እኛ አገር መኪና እምቢ ሲል መንደሩ ወጥቶ ይገፋው የለ!

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ልገፋልህ ነዋ።"

"እማዬ፣ ኦቶማቲክ ናት፣ በግፊ አትነሳም!" ብሎ ሳቀ። ከመጣሁ ያን ጊዜ ነው ሲስቅ ያየሁት፤ ጥርሱ ያው የልጅነቱ ነው።

ቤት ያከራየችው እትዬ አልማዝ ከበሯ ሆና ስታየን ነበር። ስልሳን ያለፈች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ነገር የምታውቅ ሴት ናት። በዙሪያዋ ያለው ሰፈር ፈርሶ፣ የምታውቀው ሰው ሁሉ ተበትኖ፣ የሷ ግቢና ጥቂት ቤቶች ቀርተዋል። "አንቱ" ስላት እጇን አወራጨች። "ኧረ ተይኝ! አንቱ ብለሽ አታስረጂኝ። እኔ አንቺ እልሻለሁ፣ አንቺም አንቺ በይኝ።" እኛ ዘንድ እንዲህ ያለችን ሴት አንቺ ብል አፌን በቆንጥር በመቱኝ ነበር። እስክመለስ ድረስ አንዴ አንቱ፣ አንዴ አንቺ ስል አስቃታለሁ።

ምሳ ሽሮና ጎመን አቀረበች። "ጾም ነው፣ ስጋ የለ። እንግዲህ በምን እንጣላለን?" ብላ ከአንድ ትሪ በላን። እኛም አገር ለድግስ የክርስቲያኑና የእስላሙ ለየብቻ ይታረዳል፣ በጾም ጊዜ ግን ትሪው አንድ ነው። የቤቴን ያህል አጎረሰችኝ።

ከሰዓት በጎረቤት መኪና ገመድ አገናኝተው አስነሷትና ቡልጋሪያ ሄድን። ሰፈሩን ነው ቡልጋሪያ የሚሉት፣ አገሩን አይደለም፤ እኔም ስሰማ ፓስፖርት አልያዝኩም ብያለሁ። እዚያ መስፍን የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ አለ። ምላሱ ከእጁ ይቀድማል። "ማዘር፣ እንኳን ደህና መጡ! አይጨናነቁ፣ ባትሪ ነው፣ አበቃ!" አለኝ። ባትሪ ቀየረ። መኪናዋ ተነሳች። መረቅኩት። ምርቃቴ አልበረከተም።

ዓርብ ኢብራሂም ጁምዓ ሊሰግድ ካዛንቺስ መንገድ ዳር መኪናዋ ውስጥ ትቶኝ መስጊድ ገባ። "ቁልፉ እዚህ አለ፣ አትንኪው፣ መጣሁ" አለኝ። አልነካሁም፣ ወላሂ። እሱ ከዓይኔ እንደተሰወረ ግን በሮቹ ራሳቸው "ቀጭ!" ብለው ተዘጉ፣ መኪናዋም ልክ እንደ ተሰረቀች መጮህ ጀመረች። መብራቶቿ ይጠፋሉ ይበራሉ። ሰው ተሰበሰበ። ሌባ ሊሉኝ ነው ብዬ መታወቂያዬን አውጥቼ በመስታወቱ ለጠፍኩት። አንዱ ባለ ከረባት "እጀታውን ይሳቡ!" ይላል፣ ሌላው "ቀዩን ይጫኑ!" ይላል፣ እኔ አላህን እጠራለሁ። በዚህ መሃል የመኪና ማቆሚያ የምትቆጣጠር ልጅ በወዲያ በኩል ዞራ፣ ላስቲኩን ገልጣ፣ እጇን ሰዳ በሩን ከውስጥ ከፈተችው። ለካ መስኮቱ ሲጀመርም ክፍት ነው! ያ ሁሉ ሰው በተዘጋው በኩል ቆሞ ነበር የሚጮኸው። ልጅቷ ከቦርሳዋ ውሃ አውጥታ ሰጠችኝና "አይዞሽ እናቴ፣ ያልተሠራው መስኮት አወጣሽ" አለችኝ። ኢብራሂም ሰግዶ ሲመጣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። "ከዚህች ጋር ሐይቅ ድረስ?" አልኩት። እሱም ይቺን ቃል ሲጠብቅ እንደነበር ሰው "እኮ! እንዴት አድርጌ ልውሰድሽ?" አለኝ።

ልቤን ቅር አለው። መኪናዋ ታማ ነው ወይስ ልጄ ነው የታመመ አልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ መስፍን "ዲናሞ ነው" አለ። ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ። አመሻሹ ላይ ስንመለስ የፊት መብራቷ እየደከመ እንደገና ጎላ፣ ደግሞ ደከመ። ኢብራሂም መሪውን ይመታል። እኔ የሰይድን ዓይን ነው ያሰብኩት። እሱም ይነግረኛል፣ "ዛሬ ትንሽ ጎላ አለልኝ" ይለኛል፣ በማግስቱ ደግሞ ዝም ይላል።

እሁድ ጋራዡ ዝግ ነው። እትዬ አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ከሰፈሯ የቀረውን ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምፖሉ በቀን ሳይቀር ያንጸባርቃል፣ ዛፍ ተተክሏል። ያምራል፣ ለምን እዋሻለሁ። እሷ ግን ባዶ ቦታ ላይ እየጠቆመች "ይሄ የጸዳለ ቤት ነው። ይሄ ጠጅ ቤት ነበር። እዚህ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ" ትለኛለች፤ አሁንም እንዳሉ አድርጋ። አላየኋቸውም፣ ግን አዎ፣ አዎ አልኳት። ሐይቁ ናፈቀኝ። ማታ ማታ ከውሃው የሚመጣው ነፋስ፣ የሰይድ ሳል፣ የላሟ ማመስኳት። ከቤት ከወጣሁ ገና ሳምንት ሳይሞላኝ ነው እንግዲህ። ልጄ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለው?

ተመልሼ ኢብራሂምን መኪናዋ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። ጥንቅሹን ልጦ ያኝካል፣ ገለባውን በፌስታል ይሰበስባል።

"ከላይኛው ማሳ ነው" አልኩት።

"አውቄዋለሁ፣ ጣዕሙን።"

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "አባትህ አንተን ብቻ ነው የሚፈልግ። መኪናዋን ተዋት፣ በአውቶቡስ እንሂድ" አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። "እማ፣ ሄጄ ባያየኝስ? በሩ ላይ ቆሜ 'ማን ነው?' ቢለኝስ? እዚህ ሆኜ እኮ አሁንም ያየኛል። ስንደዋወል ያየኛል ብዬ ነው የማስበው።"

ጀርባውን ዳበስኩለት፣ ሌላ ምን አቅም አለኝ።

ሰኞ ደግሞ ቡልጋሪያ ገባን። እኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ መስፍን ራሱን የመኪናዋ ሞተር ውስጥ ቀብሮ፣ ኢብራሂም ፈንጠር ብሎ በስልክ ያወራል። ድንገት መስፍን ቀና ብሎ ጭኑን ጠበጠበና ጮኸ።

"ኢብሮ! አገኘሁት! ማሳው ተበልቷል! ሙሉ በሙሉ ተበልቷል ማሳው!"

ኢብራሂም ስልኩን ከጆሮው አውርዶ "ማሳው?" አለ። እኔ ወሬው በስልኩ የመጣ መሰለኝ። ዝንጀሮው! ወይ የሰው ከብት! ዓመት የደከምንበት! ሰይድ ጋ ደወልኩ።

"ሰይድ! ማሳው ተበልቷል ይላሉ!"

"ማን ነው ያለው?"

"እዚህ ያለው ሁሉ!"

ዱላውን ሲያነሳ ሰማሁ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እኔ "የላይኛው ማሳ! ወይኔ ማሽላዬ!" እያልኩ ጉንጬን ይዤ ተነሳሁ። መስፍን ዘይት በነካ እጁ ደግፎ መልሶ አስቀመጠኝ።

"የምን ማሽላ ነው ማዘር? የመኪናዋን ማሳ እኮ ነው ያልኩት!"

"መኪና ደሞ ማሳ አላት?"

ሁለቱም ሳቁብኝ። መስፍን አረንጓዴ ዝገት የበላው ወፍራም ገመድ አንስቶ አሳየኝ። "ጣልያኖቹ ጥለውልን የሄዱት ቃል ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ይወጣል፣ መብራቱን ያበራል፣ መስኮቱን ያወጣል፣ ክላክሱን ያስጮሃል። ሥራውን ሲጨርስ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፣ ማለቴ ዞሮ ካልተመለሰ መሥራት የሚባል የለም። የሚመለስበት ይሄ ነው፣ ከመኪናዋ ብረት ጋር የታሰረው። ማሳ እንለዋለን። መመለሻው ሲበላ የማይገባበት ይገባል፤ መስኮት ሲሉት በር ይዘጋል፣ ዝም በል ሲሉት ይጮሃል።"

"ታዲያ ባትሪ ነው፣ ዲናሞ ነው ስትል የከረምከውስ?"

"ተሳስቼ ነዋ ማዘር! ሰው አይሳሳትም? እርስዎስ ማሽላ አላሉም?"

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ አፌ ላይ እንዳለ ግን ሰይድ ትዝ አለኝ። ዱላውን ይዞ ወጥቷል። ወደ ላይኛው ማሳ፣ ወደ ገደሉ፣ ብቻውን፣ በዚያ ዓይን።

"ኢብራሂም፣ አባትህ ወጥቷል። እኔ ነኝ ያስወጣሁት።"

ልጄ ፊቱ አመድ ሆነ። ደወለ፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ሦስተኛውን ሲደውል ቁጥሩን ተሳሳተ፤ ፈሪዋ እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ። መስፍን ሥራውን ትቶ መፍቻውን እንደያዘ ከአጠገባችን ቆመ። ጎረቤት ጋ ደወልን፣ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው፣ የሚያነሳ የለም። እኔ ለአላህ ስንቱን ተሳልኩ፣ ከናንተ ጋር የተጣላሁትን ሁሉ በሆዴ ታረቅሁ።

በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። ኢብራሂም ሁላችን እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ያዘው። የሰይድ ትንፋሽ ይቆራረጣል።

"ማነው ውሸታሙ? ማሳው ደህና ነው። ዘለላ አልተነካም። ከዳር እስከ ዳር በእጄ እየዳሰስኩ አየሁት።"

"በእጅህ? ለምን በእጅህ፣ አባ?"

"ኢብራሂም ነህ? ደመና ነዋ ልጄ። ደመና ሲሆን አይታየኝም።"

ኢብራሂም ጀርባውን ሰጠን። ትከሻው ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቆይቶ "አባ፣ ነገ እመጣለሁ" አለ።

"መኪናዋስ?"

"ማሳዋ ነው የተበላሸ። ዛሬ ይታሰርላታል።"

"መኪናም ማሳ ካላት ትታረሳ፣ እኛ ምን አስለፋን!" አለ ሰይድና ሳቀ። እኔ ነኝ ያለቀስኩ።

መስፍን አዲስ ገመድ አሰረ፣ የዛገውን ብረት በብሩሽ ፍቆ አጠበቀው። ኢብራሂም ቁልፉን ሲያዞር ቀዩም ቢጫውም ጠፋ። ያ ያልታወቀው እንኳ ጠፋ።

ማክሰኞ እትዬ አልማዝ ለመንገድ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችን። "አንቺ መጥተሽ ግቢው ሰው ሸተተ። ልጁን መልሺልኝ ደሞ፣ ብቻዬን አታስቀሪኝ" አለችኝ። አቅፌያት "አንቱም ኑልን" አልኩ። "አንቺ በይኝ!" ብላ ቆነጠጠችኝ።

መንገድ ላይ መስኮቷን ስጫናት ትወጣለች፣ ስጫናት ትወርዳለች። ኢብራሂም "እማ፣ በረደኝ እኮ" እስኪል ተጫወትኩባት። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን። ዋሻው ውስጥ ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ መብራታችን ግድግዳውን እንደ ቀን ያሳየው ነበር። ፍተሻው ላይ ያንን ልጅ እግር ወታደር በዓይኔ ፈለግሁት፣ የለም። ብዙ አቆዩን፣ ስንደርስ መግሪብ አልፎ ነበር። መንደሩም መብራት ጠፍቶበታል።

ሰይድ አጥሩን በእጁ ይዞ ቆሟል። ኢብራሂም ወርዶ ጉልበቱን ሳመ። ሰይድ ራሱን ዳበሰው፣ ትከሻውን ዳበሰው፣ ጺሙ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። "አይሆንም" አለ። "በእጅማ ማሽላውንም አይቻለሁ። ፊትህን ነው የምፈልግ።" እኔ የስልኬን መብራት አበራሁ፣ አልበቃውም፣ ራሱን ወዲህ ወዲያ ያደርጋል፣ ልጁን በዚያች ቀዳዳው ያጣዋል።

ኢብራሂም ወደ መኪናዋ ሮጠ። አዙሮ ፊቷን ወደ ቤታችን ግድግዳ አደረጋትና መብራቱን ለቀቀው። ግድግዳው ነጭ ሆነ። ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ለጉርድ ፎቶ እንደሚቆም ሰው። እኔ ሰይድን ክንዱን ይዤ ከመኪናዋ ፊት አቆምኩት።

"ወደ ቀኝ ትንሽ" አለ ሰይድ። "ትንሽ። እ! ቁም። እዚያው ቁም።"

አገኘው። ምን ያህል እንዳየው እኔ አላውቅም። ሞተሩ ያንኮራፋል፣ ጎረቤት ወጥቶ ቆሟል፣ ከናንተም የነበራችሁ አላችሁ። እኔ አሁን ትርገበገባለች፣ አሁን ትደክማለች ብዬ ዓይኔ መብራቱ ላይ ነው። አልደከመችም።

"ጺም አወጣህ" አለ ሰይድ።

"አዎ፣ አባ።"

"አያትህን መስለሃል። አፍንጫህ ግን የእናትህ ነው፣ ምን ይደረግ!"

ኢብራሂም ሳቀ፣ ሰይድ ጥርሱን አየለት። "ይኸው ነው" አለ። "ይኸው ነው፣ አሁን አልረሳውም።"

ኢብራሂም ሦስት ሌሊት አድሮ፣ ማሽላውን አብሮን አጭዶ ተመለሰ። የመኪናዋ ጎማ በደጃፋችን ያሰመረው መስመር አሁንም አለ፤ ሰይድ እንዳልጠርገው ከልክሎኛል፣ ዝናብ ያጥፋው ብሎ። ዓይኑ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠቧል። ሲመሽ ግን ደጅ ወጥቶ ይቀመጣል፤ በአስፋልቱ መኪና ባለፈ ቁጥር ብርሃኗን ስለሚለይ ፊቱን ያዞራል። እኔ እንዳይጓጓ ብዬ "የሱ አይደለችም" እለዋለሁ።

"አውቃለሁ" ይለኛል። "የዚችኛዋ መብራት ይርገበገባል። የልጄ መኪና ማሳ አላት።"